ፊቱን ያላዞረው አናጢ

አሮጊቷ አልጋ ከያዘች ወዲህ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ምግብ አትጠይቅም፣ ሐኪም አትጠይቅም። ልጇ ስትሰፋ ውላ፣ ከቀሚሷ ላይ ክር እየለቀመች ስትገባ፣ ገና በሩን ሳትዘጋ፣

«አገኘሽው?» ትላታለች።

«አላገኘሁትም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው እኔም አልሞትም» ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ትመልሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሮጊቷ ባል አናጢ ነበር። ልጃቸው ገና ጥርሷን ሳትነቅል፣ አንድ ቀን ጠዋት መዶሻውን በቀበቶው ሻጥ አድርጎ፣ «ዛሬ ሥራዬ ቅርብ ነው፣ ለምሳ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ምሳው ቀዘቀዘ። እራት ሆነ፣ ዓመት ሆነ፣ ሰውየው አልመጣም። ሞተ ብሎ ያረዳት የለም። ከሌላ ሴት ጋር አየነው ያላትም የለም። ከጎረቤት አንዳንዱ ጥቁር ልበሺ አላት፣ አንዳንዱ ሌላ አግቢ አላት። ሁለቱንም አልሰማችም።

«ሞቶ ከሆነ ላልቅስለት። በሕይወት ካለ ልራገመው። ሳላውቅ ግን በቁሙ አላለቅስበትም፣ ሙትም አልራገምም» ትል ነበር።

እንዲህ እያለች አረጀች። አሁን ጉልበቷ ሲከዳት ነገሩ ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

የአናጢው የመጨረሻ ሥራ ለፊልም ሠሪዎች ነበር። የሐሰት ግድግዳና የሐሰት አጥር ይሠራላቸው ነበር። ፊልሙ ተጋምሶ ሳለ ዋናው ተዋናይ ወድቆ እግሩን ሰበረ። ዳይሬክተሩ ራሱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ አናጢው ጣውላ ተሸክሞ ጀርባውን ሰጥቶት አለፈ። ትከሻው፣ ማጅራቱ፣ አረማመዱ ቁርጥ ተዋናዩን ነበር። የተዋናዩን ኮት አለበሱት። ከዚያ ወዲያ በፊልሙ ላይ ሰውየው ከኋላ በታየ ቁጥር አናጢው ነው።

ፊልሙ ተረስቶ ኖሮ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን ታየ። ልጅቷ፣ ሰፈሩ ባለመጋረጃዋ ነው የሚላት፣ አስቀድታ ያዘችው። እናቷን እንይ ብትላት እምቢ አለች።

«ከኋላው ሲሄድ አንዴ አይቼዋለሁ። እሱ ይበቃኛል።»

ባለመጋረጃዋ ብቻዋን አየችው። በፊልሙ መጨረሻ ላይ ሰውየው አንድ ከባድ የእንጨት በር ከፍቶ ይገባል። ደረጃ ይወጣል። ረጅም ኮሪደር ያቋርጣል። ከዚያ አንድ ክፍል ይገባና መስኮት ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። በመስኮቱ ቀኝ በኩል ከሩቅ የውሃ ታንከር ይታያል። ሰውየው አይዞርም፣ አይንቀሳቀስም። ፊልሙም እዚያው ጀርባው ላይ ያልቃል።

ያን ቤት ካገኘሁ፣ አባቴ ከዚያ ሲወጣ ያየ ሰው አላጣም ብላ አሰበች። መጋረጃ ሰፊ መሆኗ ጠቀማት። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ «መስኮት ልለካ ነው» ካለች የማይከፈትላት ቤት የለም።

መጀመሪያ በሩን አገኘችው። ዛሬ የጫማ መጋዘን ነው። ጠባቂዋ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት። ባለመጋረጃዋ በሩን ከፍታ ብታይ፣ ከበስተጀርባው አንድ ክንድ እንኳ ሳይርቅ ግድግዳ ተደቅኗል።

«ደረጃው የት ሄደ?» አለች።

«የምን ደረጃ?»

«ከዚህ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው።»

«እዚህ ቤት የሚወጣ ነገር ቢኖር የኔ ደም ግፊት ነው፣ እህቴ» ብላ ሳቀች ሴትዮዋ። «ግድግዳው ከበሩ እኩል ነው የተሠራው። ሲወለድም እንዲሁ ነው።»

ባለመጋረጃዋ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ሻካራ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ሴትዮዋ ሳቋን አቆመች።

«ግን ይሄ በር ተቆልፎ አያድርም» አለች። «ቆልፈነው እንሄዳለን፣ ጠዋት ክፍት ነው። ሌባ ነው እንዳንል ጫማ አይጎድልም።»

«ታዲያ ምን ትላላችሁ?»

«ምን እንላለን? የሚገባ አለ። ሲወጣ ያየ ግን የለም።»

ደረጃውን ያገኘችው ደግሞ ከተማውን አቋርጣ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የመደገፊያው ብረት በፊልሙ ላይ እንዳለ ወደ ውስጥ ጎብጧል፤ በዚያ አወቀችው። ወጥታ ጫፉ ላይ ስትደርስ የጠበቀችው ኮሪደር የለም፤ የመምህራን ማረፊያ ነው። ኮሪደሩ ከዚያም ርቆ፣ አንድ ክሊኒክ ሆኖ ተገኘ። ወለሉ ያው ጥቁርና ነጭ ነው። መስኮቱን ለክታ ስትጨርስ ነርሷ ጠጋ አለቻትና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አንዳንዴ ኮቴ እንደሚሰሙ ነገረቻት።

«ከወዲህ ወደዚያ ያልፋል። ተመልሶ አይመጣም። በሽተኞቹ እግራቸውን ይሰበስቡለታል» አለች ነርሷ፤ ቀጥሎ ደግሞ ስለተናገረችው አፈረች መሰለኝ፣ ፋሻ መጠቅለል ጀመረች።

ባለመጋረጃዋ ያን ጊዜ ገባት። አንድ ቤት ስትፈልግ ነበር። ቤቱ ግን አንድ አልነበረም። እሷ ቁርጥራጭ ገጣጥማ አንድ መጋረጃ እንደምታወጣው ሁሉ፣ ፊልም ሠሪዎቹም በሩን ከዚህ፣ ደረጃውን ከዚያ አምጥተው ሰፍተውታል። የቀረው ክፍሉ ብቻ ነበር። የውሃ ታንከር በቀኝ የሚታይበት መስኮት ፍለጋ ስንቱን ቤት ገብታ ስንቱን ለካች። በከተማው ታንከር ሞልቷል፣ ያን የመሰለ መስኮት ግን የለም።

ነገሩን ስታጫውታት መላ የሰጠቻት ያችው ነርስ ናት። «የኛን መብራት የሚጠግነው ሽማግሌ፣ ያኔ ለፊልሙ መብራት ይዞ እዚህ እንደገባ ሁልጊዜ ያወራል። ለምን እሱን አትጠይቂም?» አለቻት።

ሽማግሌውን ሰው የሚያውቀው አምፖሉ በሚል ስም ነው። ራሱ ላይ አንድ ፀጉር የለም፣ ያበራል። ደጁ ላይ ተቀምጦ የሽቦ ልባስ በቢላ ይልጥ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነች ስትነግረው ቢላውን አስቀመጠ።

«የአናጢው ልጅ? በይ ቁጭ በይ። እናትሽ አለች?»

«አለች። አባቴ መጨረሻ የተቀመጠበትን ክፍል ነው የምፈልገው፣ አባባ።»

«ክፍሉን ያገኘው ራሱ አባትሽ ነው። ‹መስኮቶቹን የሠራሁበት ቤት አለ፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው› ብሎ። እኛን ጎሕ ሳይቀድ በተሸፈነ መኪና ጭነው ወሰዱን። እኔ ገመድ ላይ ተኝቼ ነበር፤ ወዴት እንደዞርን አላውቅም። ፎቅ ነበር፣ ያን አስታውሳለሁ። መብራቱን የተሸከምኩት እኔ ነኛ።»

«ከዚያስ?»

አምፖሉ ራሱን አሻሸ።

«አባትሽ ሥራውን ሲጀምር አንድ ቀን መሐል ላይ ዞረ። ካሜራው ፊቱን ያዘው። ፊልም ባከነ ብሎ ዳይሬክተሩ ጮኸበት። ‹በቃ ካላልኩህ ብትሞት እንዳትዞር!› አለው። አባትሽ ደግሞ ቃሉን እንደ ሚስማር የሚመታ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ በቃ ሳይባል ዝንብ እንኳ ከፊቱ አያባርርም ነበር። እኛም እንስቅበት ነበር።»

«ያን ቀንስ?»

«ያን ቀን ተቀመጠ። ካሜራው ሠራ። መሐል ላይ ዳይሬክተሩና ካሜራ ማኑ ተጣሉ። ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁልጊዜ ይጣላሉ። እየተሰዳደቡ ደረጃውን ወረዱ። እኛም ዕቃ ሰብስበን ተከተልን። መኪናው ተነሳ።»

«ማን በቃ አለው?»

ሽማግሌው ቢላውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ያላሰበው ጥያቄ አይደለም፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

«እኔ ዳይሬክተሩ ያለው መሰለኝ» አለ በመጨረሻ። «ዳይሬክተሩ ካሜራ ማኑ ያለው መሰለው። ካሜራ ማኑን በኋላ ጠየቅኩት፤ እኔ ምን አገባኝ፣ በቃ ማለት የዳይሬክተር ሥራ ነው አለኝ። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም።»

ልትሄድ ስትነሳ፣ ታንከሩ በቀኝ በኩል ነው የነበረው ወይ ብላ ጠየቀችው። አምፖሉ ከንፈሩን ጣለ።

«በፊልም ቀኝና ግራ አይታመንም፣ ልጄ። ሲገጣጥሙት አቅጣጫው እምቢ ካለ ይገለብጡትና ቀኙ ግራ ይሆናል። እኔ ጨርሰው ያደረጉትን አላየሁትም። እኛ የሠራነውን አናይም።»

ቤት ስትገባ እናቷ እንደ ልማዷ «አገኘሽው?» አለቻት። ልጅቷ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። ቴሌቪዥኑን አልጋው አጠገብ አምጥታ አበራችው።

«አላይም ብያለሁ እኮ!»

«አንዴ ብቻ እዪልኝ። መጨረሻውን ብቻ።»

አሮጊቷ እያጉረመረመች ትራስዋን ደገፍ አለች። ሰውየው በሩን ከፈተ። ደረጃውን ወጣ። ኮሪደሩን ሲያልፍ አሮጊቷ አንገቷን ወደ ሥዕሉ አስረዘመች። ክፍሉ ገብቶ ወንበሩን ሲስብ ከትራስዋ ብድግ አለች።

«ይሄ እሱ አይደለም!»

«እንዴት አይደለም?»

«በግራ እጁ ነዋ የሳበው! አባትሽ ግራኝ መቼ ነበር? በግራው ሚስማር ቢመታ የሚያገኘው አውራ ጣቱን ነው። የሰው ባል ነው የምታሳዪኝ፣ አንቺ? አጥፊው!»

ልጅቷ አላጠፋችውም። ወደ ኋላ መለሰችው። በሩን የከፈተው በቀኝ እጁ ነው። በደረጃው ላይ ብረቱን የያዘው በቀኝ እጁ ነው። ክፍሉ ውስጥ ብቻ ግራኝ ሆኗል። ሥዕሉን ሰውየው ከተቀመጠበት ላይ አቆመችው። ከግድግዳው መስታወት አወረደች፣ ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን ሰጥታ በመስታወቱ ውስጥ አየችው።

ታንከሩ ወደ ግራ ዞረ። የታንከሩ መሰላል፣ ከሥሩ ያለው ዘመም ያለ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ግቢ ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ዕድሜዋን ሙሉ ከታች ሆና ስታየው የኖረችውን ነገር አሁን ከላይ አየችው። በግቢው ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ልብስ ታሰጣለች። ከእግሯ ሥር አንዲት ሕፃን ተቀምጣለች።

ባለመጋረጃዋ መስታወቱን ቀስ ብላ አልጋው ላይ አስተኛችው። ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ አየች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከደጃቸው ፊት ለፊት፣ አሮጌው ባለ አራት ፎቅ ቆሟል።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች እናቷ።

«ጨርቅ ረስቼ ነው። መጣሁ።»

የሕንፃው ዘበኛ በጉርብትና ያውቃታል። ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ላይኛው ክፍል መስኮት ልለካ ነው ስትለው ሳቀባት።

«ማን ተከራይቶት? ያ ክፍል እኮ ሰው አይበረክትለትም። የልብስ ሰፊ ገባ፣ ወጣ። ጠበቃ ገባ፣ ወጣ። ጠበቃው ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አኩርፎኝ ጀርባውን ከሰጠኝ ሰው ጋር የምሠራ ይመስለኛል› አለኝ። እኔ ‹ሚስትዎ ይሆናሉ› አልኩት።»

እየሳቀ ከፍቶላት ደፉ ላይ ቆመ። እሷ ገባች።

ክፍሉ ውስጥ አቧራና የፀሐይ ብርሃን ነበር። መስኮቱ ፊት ለፊት ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ሰው። ጀርባው። ኮቱ ለሌላ ሰው የተሰፋ ስለሆነ ብብቱ ሥር ይዞታል፤ ሙያዋ ስፌት ነውና መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው። ማጅራቱ ላይ ሽበት የለም። እሷ አሮጊት ልትሆን ተቃርባለች፤ ይህ ሰው ግን ከኋላው ሲያዩት ታናሽ ወንድሟ ቢሆን ነው።

«ለኪያ» አለ ዘበኛው። «ባዶ ክፍል ምን ያስፈዝዛል?»

«ባዶ ነው?»

«ከወንበሩ በቀር ምን አለበት?»

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ። የተንቀሳቀሰ የለም። በትከሻው ላይ አሻግራ አየች። ግቢያቸው፣ በራቸው፣ የተከፈተው መስኮታቸው፣ የእናቷ ትራስ፣ በትራሱ ላይ ነጭ ራስ። ሁሉም እጅ ላይ እንዳለ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናቷ ያን ቀን ግቢው መሐል ቆማ ስሙን ስትጣራ ታያት። ዓመት ከዓመት ምሳ ስትከድን ታያት። ይህ ሰው ይህን ሁሉ አይቷል።

«በቃ» ልትለው አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው። የእሷ ቃል አልነበረም። ስትጠብቀው የኖረችው ሌላ ናት።

ወርዳ መንገዱን ተሻገረች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ አምፖሉ ያላትንም ያየችውንም አንድ በአንድ ነገረቻት። አሮጊቷ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ፣

«ማዶ ነው?» አለች።

«ማዶ ነው።»

«ሥራዬ ቅርብ ነው ያለው እውነቱን ነው እንግዲያ።» እግሯን ከአልጋው አወረደች። «ጫማዬን አምጪ።»

በወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጠው ልጅቷ በአንድ ወገን፣ ዘበኛው በሌላው አንስተው አወጧት። ዘበኛው በየፎቁ ቆም እያለ ያለከልካል።

«እማማ፣ አጥንት ብቻ ነዎት ብዬ ነበር የተሸከምኩዎት። ለካ ሐሳብም ይመዝናል።»

«ዝም ብለህ ውጣ፣ አንተ። ስወርድ ይቀለኛል።»

ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛውን ወደ ታች ሰደደችው። የልጇን ክንድ ይዛ ቆመች። ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው ከማጅራቱ እስከ ወገቡ አየችው፤ አየችው፤ አየችው። ልጅቷ አሁን ትወድቃለች ብላ ጠበቀች። አሮጊቷ ግን ጀመረች።

«አንተ ደረቅ!» አለች። «አንተ የጣውላ ዘር! ሌላ ሰው ዙር ቢልህ አትዞር፣ እኔ ስጠራህስ? እዚያ ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጠራህ ጆሮህ የት ነበር? ልጅህ ኩፍኝ ይዟት ስታቃጥል አይተሃል። ጣሪያው ሲያፈስ አይተሃል። ጎረቤት ባሏ ጥሏት ሄደ ብሎ ሲስቅብኝ አይተሃል፣ ከዚህ ሆነህ ምን ያመልጥሃል! አንድ የማታውቀው ሰውዬ አትዞር አለህና፣ ለሱ ቃል አለህ፣ ለኔ ምሳ የለህም? ቀን አይውጣልህ! ያስቀመጡህ ሰዎች ሞተው አልቀዋል። ማንን ነው የምትጠብቀው? ማንም አይመጣም። ያለሁት እኔ ነኝ። በቃ! በቃ ብዬሃለሁ፣ ተነስ!»

ወንበሩ ሲጢጢ አለ። ልጅቷ ዓይኔን አልጨፈንኩም ብላ ትምላለች፤ ሲነሳ ግን አላየችም። ነበረ፤ ከዚያ አልነበረም። ከክፍሉ ወደ በሩ ቅዝቃዜ መጣ፣ አዲስ የተላገ እንጨት ሽታ ይዞ።

«ጥግ ያዢ» አለቻት እናቷ፣ ወደ ግድግዳው እየሳበቻት። «ይለፍ።»

ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆሙ። ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ቶሎ ቶሎ እያለ፣ አርፍዶበት እንደሚሄድ ሰው። ሲርቅ ዘበኛውን ጠርተው ወረዱ። ዘበኛው ወንበሩን ሲያነሳ ፊቱ ሌላ ነበር፤ አንድም ቀልድ አልወጣውም። መንገድ ዳር ሲያሳርፋት ነው የተናገረው።

«እማማ፣ ከላይ ማን ነበር? አንድ ኮት የለበሰ ሰው አልፎኝ ወጣ። ሲገባ አላየሁትም።»

«ፊቱን አየኸው?»

«ካለፈኝ በኋላ ነው ያየሁት። ጀርባውን ነው።»

«መንገዱን ተሻገረ?»

ዘበኛው ወደ አሮጊቷ በር፣ ከዚያ ወደ መንገዱ አየ።

«ጠርዙ ላይ ቆመ። የእናንተን በር ያየ መሰለኝ። አንድ እግሩንም አውርዶ ነበር። ከዚያ ግን ወደ ቁልቁለቱ ዞሮ ሄደ። እዚያ ጋ፣ መታጠፊያው ጋ ሳለ ዓይኔን ነቅዬ ስመልስ የለም።»

አሮጊቷ መንገዱን እስከ መታጠፊያው አየችው። መኪና ያልፋል፣ ሰው ያልፋል። እጇን አንስታ ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ከዚያ ጮኸች። ዛሬ ባሏን የቀሙባት ወጣት ሴት የምትጮኸውን ጩኸት ጮኸች፤ ከዚያ ደካማ ገላ እንዲያ ያለ ድምፅ ይወጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ጎረቤት በየበሩ ወጣ። ያኔ ጥቁር ልበሺ ካሏት አንዷ፣ አሁን የልጅ ልጅ ያየች፣ በምርኩዝ እየሮጠች መጥታ ምን ሆና ነው ብላ ልጅቷን ጠየቀች።

«አባቴ ሞተ» አለች ባለመጋረጃዋ።

አሮጊቷ እስኪበቃት አለቀሰች። ማንም ተይ አላላትም። ሲመሽ አልጋዋ ላይ አስተኟት፣ ፊቷን አጠቡላት። ልጇ መቀሷን ይዛ ስትነሳ ሰማቻት።

«ጥቁሩን ልትቆርጪልኝ ነው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«የመጋረጃ እንዳይሆን ታዲያ» አለች አሮጊቷ፣ ዓይኗን እየከደነች። «የሰው ሚስት ነኝ።»